ደሴ ላይ የሳክሽን ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ከሶኬቱ ሳታስነቅሉ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ትናንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ የያዘኝ ንዴት ገና ሳይበርድልኝ ነው። ለበጎ ፈቃድ አምቡላንሳችን ባልደረቦቼ ያዋጡትን 38,000 ብር ይዤ፣ ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የሕክምና ዕቃ መደብር ተንቀሳቃሽ የሳክሽን ማሽን፣ ማለትም ከተጎጂ ጉሮሮ ደምና ትውከት የሚስብ መሣሪያ፣ ገዛሁ። ሻጩ እንደተለመደው በብርጭቆ ውኃ አስመጣ፤ ማሽኑም በአንድ ትንፋሽ መጠጠው። ገመዱ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር።

የሚያበሳጨኝ የራሴ ሞኝነት ነው። ውኃ ቀጭን ነው፤ ጉሮሮ የሚዘጋው የረጋ ደምና ትውከት እንደ ውኃ አይሳብም። አዲስ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ «አየር እንዳያስገባ ቱቦውን አጥፋችሁ ያዙ፤ የጌጁ (የመሳብ ኃይሉን የሚለካው ሰዓት) ቀስት በ4 ሰከንድ ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ካላለፈ ማሽኑን አትመኑት» እያልሁ የማስተምረው እኔ ነኝ። በዚያች ቀን ግን ቱቦውን አላጠፍሁም፤ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርገን በማግስቱ በባትሪ ስንሞክረው ቀስቱ 100 ሳይደርስ ቆመ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም ሞተሩ ጠፋ። ትናንት ተሸክሜው ተመለስሁ። ወጣቱ ሻጭ ችግሩን ሳይጠይቀኝ ገመዱን ሰካና፣ ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር «ይኸው፣ አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አልሆነ» አለኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ ገመዱን ነቀልሁት። ሞተሩ አቃሰተ፤ ዝምም አለ። ልጁ ማሽኑን ሳይሆን እኔን አየና «ታዲያ ለምን ነቀልሽው?» አለኝ።

ሐረጎ ላይ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሰው አጠገብ ሶኬት እንደሌለ ሳስረዳው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሱ ደረሰኙን ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ባትሪ ዋስትና የለውም» የሚለውን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። ወዲያው ከኋላዬ ወደ ቆመው ደንበኛ ዞረ፤ ተላላኪውንም ውኃ እንዲያመጣ ላከው።

ስትገዙ ገመዱን አስነቅላችሁ፣ ቱቦውን አጥፋችሁ ቀስቱን አይታችሁ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ በባትሪው ብቻ አሠርታችሁ፣ የደረሰኙንም ጀርባ አንብባችሁ ክፈሉ። እኛ ለጊዜው በእጅ ወደሚሠራው አሮጌ መሳቢያችን ተመልሰናል።