ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ፦ የባሪያ ንግድ ታሪክን የሚያስጎበኝ የአንድ ቀን ጉዞ

ከደብረ ማርቆስ ጠዋት ተነስቶ የጁቤ ደርሶ የሚመለሰው ይህ ጉብኝት አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል፦ የባሪያ ንግድ እንዴት ቀረ? አስጎብኚዎቹ ግማሹን እጅግ አሳምረው ይመልሱታል፤ ግማሹን ግን ያበላሹታል።

ያማረው የገበያው ክፍል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ ላይ የሚቆመው የባሶ ገበያ በጎጃም ስሙ የገነነ ነበር። ከእናርያና ከጊቤ አካባቢ የተነዱ ባሪያዎች፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ዓባይን ተሻግረው እዚህ ይደርሳሉ፤ ከሰሜን ደግሞ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ይመጣል። የጁቤ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1834 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ገበያው ጽፏል። አስጎብኚው አንድ አሞሌ አውጥቶ በእጅ ያስይዛል፤ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ እንዳይሰበር በልጥ የታሰረ የጨው ጡብ ነው። ከዚያ ሒሳቡን ያስረዳል። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ ነጋዴው ከዓባይ ማዶ በጥቂት አሞሌ የገዛውን ሰው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ባቀረበ ቁጥር ትርፉ ይበዛል፤ በየኬላውም ቀረጥ ይከፈልበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከልክለው፣ ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው ሳለ ለምን እንዳልቆመ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። አዋጁ ከላይ ይነገራል፤ ቀረጡ ግን እታች ይሰበሰባል።

ከምሳ በኋላ ነገሩ ይላላል። «ባርነት በ1916 ቀረ» ይባላል፤ ስህተት ነው። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ መጋቢት 22 ደግሞ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ነጻነትን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበር፤ ጌታው ቢሞትም ባሪያው እስከ 7 ዓመት በወራሾቹ እጅ ሊቆይ ይችል ነበር። ባርነትን በሕግ ያስቀረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ነው። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው፣ የሚታደለው ወረቀት አንዳንዱን ዓመት በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱን በአውሮፓ አቆጣጠር ማስቀመጡ ነው፤ 1924 እና 1934 ጎን ለጎን ሲነበቡ በመካከላቸው 10 ዓመት ብቻ ያለ ይመስላል። ሲነገርዎ «በማን አቆጣጠር?» ብለው ይጠይቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው።

ትልቁ ጉድለት ከጎጃም ደጋ በስተ ምዕራብ ያለው መተከል አለመነሳቱ ነው። ከጎጃም ደጋ የሚወርዱ ዘማቾች የጉሙዝን ሰዎች እየማረኩ ባሪያ ያደርጉ ነበር። ይህ ሳይነሳ ሲቀር ንግዱ ሁሉ ነጋዴ ከማዶ ያመጣው ጣጣ ብቻ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ለተማረኩት ወገኖች ትልቅ በደል ነው።

ለመሄድ ያሰበ ከኅዳር እስከ የካቲት ይምረጥ። በክረምት ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ የጥንቱ ሲራራ ነጋዴም ዓባይ ሲሞላ ይቆም ነበር። ወደ ቆላው መውረድ ስለሚያሞቅ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ዋጋ ሲነጋገሩ ትራንስፖርትና ምሳ የሚካተቱ መሆናቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሲመዘገቡም ስለ መተከል የሚያስረዳ ሰው እንዲመደብልዎ ይጠይቁ፤ ካልተጠየቁ አያነሱትም።