መኪናዬ 11 ወር ሞላት

ሐረር ውስጥ «መኪና ገዛሁ» ስትሉ የሚመጣው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። ወጣቶቹ «ቪትዝ ነው?» ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ «የእጅ ናት የእግር?» የኔዋ የእግር የስፌት መኪና ናት።

የገዛኋት ታኅሣሥ ላይ ነው። አሁን ኅዳር ገብቷል። ወደ ድሬዳዋ ከምትዛወር ጎረቤት ከነጠረጴዛዋ በ14 ሺህ ብር ወሰድኳት። ጥቁር ናት። አንገቷ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ አላት፤ ግማሹ ተፍቋል። ሥሪቷ ቻይና ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም የስፌት መኪና «ሲንጀር» ስለሚባል የኔንም ቤት ውስጥ ሲንጀር ነው የምንላት። ለነገሩ ያን ያህል ውሸት አይደለም። አሠራሯ የአሜሪካው ሲንገር ኩባንያ የድሮ ሞዴል የ«15» ቅጂ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች ያንን ሞዴል እየቀዱ በብዛት ሠሩት፤ ቻይናዎችም ቀጠሉበት። ይሄ ጉዳይ በኋላ ይጠቅመናል።

«ስፌት ጀመርኩ» ስል ደግሞ የሰፈራችን ሴቶች የመሰላቸው ሌላ ነው። ሐረር ላይ ስፌት ማለት መጀመሪያ አክርማው ነው፤ ግድግዳ ሙሉ የሚሰቀለው፣ ሙዳዩ፣ መሶቡ። አይ፣ የጨርቅ ነው አልኩ። ግቢ የምንጋራቸው እትዬ መጥተው አዩ። ቁርጥራጩን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ በቀለም በቀለሙ እየለየሁ ነበር።

«ምን ጎደለሽና ነው ድሪቶ የምትሰፊው?» አሉኝ።

ስሙ ላይ አልተከራከርኩም። ድሪቶ ነው። ቁራጭ ከቁራጭ ትገጥማላችሁ፣ ከሥር አቡጀዲ ታነጥፋላችሁ፣ መሃል ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ትከታላችሁ፣ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ትሰፋላችሁ። ፈረንጆቹ ኪልት ብለው እንደ ጌጥ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይሰቅሉታል። እኛ ጋ የችግር ስም ይዞ ቀረ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ከተማ ብርድ ነው፤ ድሬዎች እንደኛ ሳይበርዳቸው እኛ እንደራረባለን። ስለዚህ ድሪቶ ይሁን ሌላ፣ የሚሞቅ ነገር ነው የፈለግሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ልሸጣት ነበር። ፔዳሉ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መነሻዋ ግን በእጅ ነው። መንኮራኩሯን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ስታስነሱ እግር ይቀበላል። እግራችሁ ቀድሞ ከረገጠ ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ያኔ ክሩ ከሥር ተተብትቦ ይጠብቃችኋል። እኔ ቀን ላይ ሃያ ጊዜ ስተበትብ ስፈታ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ስትሰፋ መንገድ ላይ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ሦስት ስፌት ትሰፋለች፣ ሁለት ትዘላለች። ለሸጠችልኝ ሴት ደወልኩ። «መርፌው ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎን ወዴት ዞሯል?» አለች። መርፌው እኮ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አዞርኩት፤ አበቃ። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናዋን ስረግም የከረምኩት በራሴ ስህተት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን ደስ ይላል። ስፌቷ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ እኩል ነው። መብራት ቢጠፋም ምን ቸገራት! ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ፣ ሊጡ ሲጠብቀኝ፣ እኔ በመስኮቱ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሁለት ረድፍ እጨርሳለሁ። ድምፅዋም ልከኛ ነው። ወጥ ጥጄ ስሰፋ ሽንኩርቱ ሲንጫጫና ውሃው ሲያልቅ ይሰማኛል። የእህቴ የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው፤ እሷ ቤት አንዴ ሽሮ አሳርሬያለሁ። የኔ መለኪያ አሁን ሰዓት መሆኑ ቀርቷል። ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን አንድ ረድፍ፣ በርበሬው እስኪበስል ሁለት። ወጡን ካወጣሁ በኋላ የጀመርኩትን ረድፍ ጨርሼ ነው የምነሳው፤ ባለቤቴ ይሄን አልወደደውም።

ማእድ ቤቴ ራሱ ተቀይሯል። ሽርጥ ሰፋሁ። የመሶብ ልብስ ሰፋሁ። ለእንጀራው ማሰሻ ሳይቀር ከጥጥ ቁራጭ አጣጥፌ ጠርዙን ዘምዝሜ አዘጋጀሁ። አንድ ነገር ግን ከእኔ ተማሩ፤ ድስት ማውጫ ጨርቅ ስትሰፉ ቁርጥራጩ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ። የኔ የመጀመሪያው በጣም ያምር ነበር፤ ከፋይ፣ ሽፎን፣ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ። የፈላ ጀበና በሱ ይዤ ከከሰሉ አነሳሁ። ትንሽ ሽታ መጣ። ሳየው አረንጓዴው ቀልጦ ጀበናው አንገት ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። ፖሊስተር ነዋ! ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል። ጣቴን ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የጀበናው አንገት ላይ ያለው አረንጓዴ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አሁን ሁለት ድርብ አሮጌ ፎጣ መሃል አድርጌ፣ ላይና ታች አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ነው የምጠቀመው። እትዬ ሁለቱን ወስደዋል። ድሪቶ ማለታቸውን ግን አልተዉም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ።

መኪና ዘይት ትፈልጋለች። ላይዋ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏት፤ በየቀዳዳው ጠብታ ጠብታ ማድረግ ነው። መጋቢት ላይ የስፌት መኪና ዘይቱ አለቀብኝ። ሰፈር ያለው ሱቅ የለም አለኝ። ዘይት ዘይት ነው ብዬ የምግብ ዘይት አደረግሁላት። ያን ቀን እንደ ቅቤ ነው የሄደችው! እንዲያውም ደስ ብሎኝ ጨመርኩላት። በሳምንቱ ከበደች። በሁለተኛው ሳምንት መንኮራኩሯን በሁለት እጅ ነበር የማዞረው። የምግብ ዘይት ብረት ላይ ሲቆይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል። የቆየ ምጣድ ጠርዝ ላይ የሚጋገረውን ቡናማ ነገር አስቡት፤ መኪናዬ ሆድ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።

ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ፈታሁ። ሁለት ብሎን ነው የያዛት። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ በነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ የጀጎል ግንብ በር ከሆነው ሸዋ በር ደረስኩ፣ ከዚያ ተሸካሚ ልጅ ያዝኩ። ወዴት እንደሚወሰድ ሐረር ውስጥ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ስሙ መኪና ግርግር ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ በየበራቸው ተደርድረዋል፤ እግራቸው ፔዳል ላይ፣ ዓይናቸው መንገደኛ ላይ። ጨርቅ ከጎን ካለው ሱቅ ትገዛላችሁ፣ እዚያው ይለካችኋል፣ ዞር ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ልብሱ አልቋል።

አንድ ሽማግሌ ሰፊ ጋ አስቀመጥኳት። መንኮራኩሯን ትንሽ ነካ አደረጉና ቀዳዳዋን አሸተቱ። እውነቴን ነው፣ አሸተቱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሽንኩርት ልትጠብሺባት ነበር?»

ጎናቸው ያለው ወጣት «አቦ ተዋት፣ ቁሌቱ ገና ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሽማግሌው ግን ሠሩልኝ። ሥሯን ገልብጠው ነጭ ጋዝ በቀጭን ብሩሽ ቀቧት፤ እያዞሩ ቀቡ፣ ደግመው ቀቡ። ቡናማው ነገር እየፈረሰ ወረደ። ጨርቁን ከሚስቡት ጥርሶቿ ሥር የወጣው ብናኝ ደግሞ እፍኝ ይሞላል። በጨርቅ ጠርገው እንድትደርቅ ተዉአት፤ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ትክክለኛውን ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከሩ። ክር ማጥበቂያዋንም አስተካከሉልኝ። የሥሩ ክር ወደ ላይ እየተሳበ ነጠብጣብ ከሠራ የላዩ ጠብቋል ማለት ነው፤ የላዩ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ላልቷል። ይቺን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። 300 ብር ከፈልኩ። እዚያው ከመሬት የለቃቀምኩትን አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ በነፃ ሰጡኝ። አሁንም የጨርቅ ምንጬ እሳቸው ናቸው፤ በወር አንዴ እሄዳለሁ፤ «ሽንኩርት እንዴት ነው?» ነው ሰላምታቸው።

ቅድም ጠብቁኝ ያልኩት የሲንገር ቅጂ ነገር እዚህ ጋ ነው ጥቅሙ። መለዋወጫዋ የሌለበት ቦታ የለም። መርፌዋ ተራ የቤት ስፌት መኪና መርፌ ነው። የሥር ክር ቤቷ ስትበላሽ ከሌላ ሰው አሮጌ መኪና የወጣ ገጠምን፤ ልክክ አለ። የእህቴ ኤሌክትሪክ ግን አንድ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብሮባት፣ ዕቃው አዲስ አበባም አልተገኘም፤ አራት ወር ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች።

የማትችለውንም ልንገራችሁ። ዚግዛግ የላትም፤ ቀጥታ ስፌት ብቻ ነው። የሚተረተር ጨርቅ ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ መስፋት ግድ ነው። የሹራብ ነገርማ አይነሳ። ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ በመርፌ ሹራብ እሠራለሁ። ለልጄ አንድ ሰማያዊ ሠራሁለትና ጎንና ጎኑን በእጅ መግጠም ሰልችቶኝ በመኪናዋ ገጠምኩት። ውብ ነበር። ሊለብስ ጭንቅላቱን ሲያስገባ ቷ፣ ቷ፣ ቷ! ስፌቱ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተበጠሰ። ሹራብ ይለጠጣል፤ ቀጥታ ስፌት አይለጠጥም። እሱን ፈትቼ እንደገና በእጅ ገጠምኩ። ኪሮሽና ሹራብ የእጅ ነገር ናቸው፤ እነሱን ለመኪና አትስጡ።

ድሪቶው ላይም ችግር አለ። ሦስት ድርብ ጨርቅ ሲገባ የላዩ ይንሸራተታል፤ ጥርሶቹ የሥሩን ነው የሚስቡት፣ የላዩ ወደ ኋላ ይቀራል። ስትጨርሱ አንዱ ጫፍ ላይ አራት ጣት ትርፍ ተሰብስቦ ታገኛላችሁ። መፍትሔው አስቀድሞ በእጅ በረጅም በረጅሙ ሰፍቶ መያዝ ነው፣ ጠቅላላውን፣ በየእጅ ስንዝሩ። አሰልቺ ነው። ለአንድ አልጋ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከዚያ መርፌው ወፈር ያለ፣ 100/16 የሚባለው ይሁን፤ ቀጭኑን ሁለት ጊዜ ሰብሬያለሁ። የብርድ ልብሱ ክብደትም አለ። ጠረጴዛዋ ጠባብ ናት፤ ድሪቶው ወደ መሬት ሲጎትት ስፌቱ ይጣመማል። ጎኗ ላይ ወንበር አድርጌ እሱ ላይ አሳርፈዋለሁ። በ11 ወር ሦስት የአልጋና አንድ የሕፃን ጨርሻለሁ። ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። ጉልበቴም ነግሮኛል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ስረግጥ ቀኝ ጉልበቴ ያማል።

መልሰሽ ትገዣታለሽ ወይ ለምትሉኝ፣ እንደገና እገዛታለሁ፤ እዚሁ ከተማ እስካለሁ ድረስ። ሰፊ የሌለበት፣ ነጭ ጋዝ ይዞ ሥሯን የሚገለብጥ ሰው የሌለበት ቦታ ብኖር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ልብስ ሰፍቼ ልሽጥ ለምትል ደግሞ ይቺ አትበቃትም፤ ዚግዛግ ያላትን ትፈልግ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት መንኮራኩሯን በእጃችሁ አዙሩ። ያለ ችግር፣ በአንድ ጣት መዞር አለባት። ገልብጣችሁ ሥሯን እያያችሁ ዝገት ፈልጉ። የራሳችሁን ቁርጥራጭ ይዛችሁ ሂዱና ድርብ አድርጋችሁ አሰፉአት፤ ሻጩ የሚሰጣችሁ ጨርቅ ሁልጊዜ ስስ ነው። እግሯ ላይ ያለውን የቆዳ ቀበቶም አትርሱ። ይረዝማል። ሲረዝም ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ እሷ ቆማ ታያችኋለች። ሐምሌ ላይ አንድ ጣት ያህል ቆርጬ በሽቦው መልሼ አያያዝኩት፤ መዶሻና ምስማር በቂ ነው።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ መንሸራተት ጀምራለች። ቅዳሜ ጀጎል እገባለሁ፤ አዲስ ቀበቶ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ። የሽንኩርቱን ቀልድም አብሬ እሰማለሁ።