በካርታ ላይ የሚከፈት የይዞታ ሰነድ፦ ጉግል፣ አርክጂአይኤስ ወይስ የራስ ሰርቨር?

ደሴ ውስጥ በመሬት ልኬትና ምዝገባ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። ማሳው በኦንላይን ካርታ ላይ ሲነካ የባለይዞታው ሰነድ እንዲከፈት፣ የሚያየው ግን የተፈቀደለት ሠራተኛ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለዚህ የትኛውን እንግዛ?

ከዋጋ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ሊንክ የሰነዱን አድራሻ ብቻ የሚናገር መሆኑ ነው፤ ፈቃድ ተሸክሞ አይሄድም። ካርታው በይለፍ ቃል ቢዘጋ እንኳ፣ ሰነዱ የተቀመጠበት ቦታ ክፍት ከሆነ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ ቢሮ ያሠራውን ካርታ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ተቀምጬ በስልኬ ስከፍት፣ ያለ ምንም አካውንት የአንዲት እናት የይዞታ ደብተር፣ የመታወቂያ ቅጂና የውርስ ውሳኔ ተራ በተራ ወጡልኝ። ፋይሎቹ «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» በሚለው ምርጫ ተጭነው ነበር። በወሎ የድንበርና የውርስ ክርክር ስንቱን ቤተሰብ እንደሚያቃቅር የሚያውቅ ሰው ይህን በዝምታ አያልፈውም።

ጉግል ማይ ማፕስ (የራስን ካርታ በኦንላይን መሥሪያ) ከጉግል ድራይቭ (የፋይል ማስቀመጫ) ጋር በነጻ ይጀመራል፤ 15 ጊጋባይት ማስቀመጫ አለው። ሰነዶቹን በቀበሌ በቀበሌ በፎልደር ለይቶ፣ ፎልደሩን «የተገደበ» አድርጎ፣ ሠራተኞችን በኢሜይላቸው መጨመር ይበቃል። ሠራተኛው ሲዛወር ከፎልደሩ ላይ ማውጣት እንጂ ፋይል በፋይል መልቀም የለም። ድክመቱ ካርታው ላይ ነው፦ 10 ሌየር (የካርታ ንብርብር)፣ በእያንዳንዱ ቢበዛ 2,000 ማሳ። በደጋው አንድ ገበሬ ማሳው በሦስትና በአራት ቦታ ተበታትኖ ስለሚገኝ ይህ ቶሎ ይሞላል። ለአንድ የመስኖ ማኅበር ወይም ለአነስተኛ ፕሮጀክት ግን ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

አርክጂአይኤስ ኦንላይን፣ ካርታና መረጃው አብረው የሚቀመጡበት የክፍያ አገልግሎት፣ ውድ ነው፤ ለዞን ወይም ለትልቅ ድርጅት ሲሆን ግን እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ሰነዱ በሊንክ ከሌላ ቦታ ከሚጠራ ይልቅ የማሳው አባሪ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፤ ሌየሩ ለአንድ ቡድን ብቻ ከተጋራ አባሪውም ለዚያ ቡድን ብቻ ነው። በአንድ አካውንት ካርታውም ሰነዱም ይከፈታል፤ ሰውየው ከቡድኑ ሲወጣ ሁለቱም ይዘጉበታል። ሰነዶቻችሁ ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የሰነድ ማስቀመጫ) ላይ ካሉ ግን ሁለተኛ መግቢያ ይጠይቃችኋል። ካርታው በቢሮው ድረ ገጽ ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ የመግቢያው ገጽ እዚያ ውስጥ አልከፈት ይላል፤ ሊንኩ በአዲስ ገጽ እንዲከፈት ማድረግ ግድ ነው። ክፍያው በሰው ቁጥር፣ በዓመት፣ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለማየት ብቻ የሚገባ ሠራተኛም ይቆጠራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በጀት የምትይዙ ይህን አትርሱ።

ሦስተኛው መንገድ ኩጂአይኤስን (የካርታ መሥሪያ) ከሊዝማፕ (ካርታውን በድረ ገጽ ማሳያ) እና ከኔክስትክላውድ (የፋይል ማስቀመጫ) ጋር በራስ ሰርቨር መጫን ነው። ሶፍትዌሮቹ ነጻ ናቸው። ሊዝማፕ ሌየሩን በቡድን ይለያል፤ ኔክስትክላውድ ለሊንኩ የይለፍ ቃልና የማብቂያ ቀን ይሰጣል። ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቢሮው የውስጥ መስመር መሥራቱ ነው። ሰርቨሩን የሚጠብቅ ቋሚ ባለሙያና የመብራት መጠባበቂያ ከሌላችሁ ግን አትግቡበት። ወጪ ለመቀነስ ብሎ ካርታውን በኩጂአይኤስ ወደ ተራ ድረ ገጽ ቀይሮ የሚያስረክባችሁን ባለሙያም ተጠንቀቁ፤ በዚያ መንገድ የማሳው ዝርዝር በሙሉ ከገጹ ጋር አብሮ ይወጣል።

የትኛውንም ብትገዙ ሰነዱ ተቆልፎ የባለይዞታው ስምና ስልክ ቁጥር ማሳው ሲነካ በሚወጣው የካርታው መስኮት ላይ ከተጻፈ ልፋቱ ከንቱ ነው። እዚያ የማሳው መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ የፋይሉም ስም ያው ቁጥር ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ምንም አካውንት ያልገባበት ስልክ ያዙና የሦስት ማሳ ሊንክ ንኩ። አንዱ ሰነድ እንኳ ከተከፈተ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።