በእናትየዋ ዓይን ወይስ በእህቷ?

ልጇን ጣና የወሰደባት የባሕር ዳር እናት አለች እንበል። አእምሮዋ ቀስ በቀስ ሲምታታ የሚያሳይ አስፈሪ ታሪክ ማን ይተርከው?

እናትየዋ ራሷ ከተረከችው አንባቢ መውጫ ያጣል። በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እኛም እናየዋለን። ችግሩ፣ ነገሩ ቶሎ ይለመዳል። ሁሉም ነገር ቅዠት ሊሆን ከቻለ ምኑ ያስፈራል?

እኔ እህቷን እመርጣለሁ። የ40 ቀኑ ተዝካር ወጥቷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። እህት ሻይ ትቀዳለች። «የሱን ስኳር አብዢበት» ትላለች እናት፣ ድምጿ እንኳ ሳይለወጥ። ምን ትበላት? ዝም ብላ ትጨምራለች። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ግን ከጓዳ ስትመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው፤ እናትየዋ ደግሞ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

በነገራችን ላይ፣ ሐዘንተኛ የሟቹን ድምፅ ቢሰማ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ያጋጥመዋል። ስለዚህ ድምፅ መስማቷ ብቻ አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ጤነኛዋ እህት ሳትጠየቅ ስኳር ማብዛት ስትጀምር ነው።

የ10 ደቂቃ ፊልም ከሆነ ግን እናትየዋ ትሻላለች። እህትን ለማስተዋወቅ እንኳ ጊዜ አይበቃም።