የሮቶ ማቆሚያ ለምታሠሩ የአዳማ ልጆች

ፍራንኮ አካባቢ ካሉት ብየዳ ቤቶች በአንዱ ለ2,000 ሊትር ሮቶ የብረት ማቆሚያ አሠራሁ። የማማርረው ነገር ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ።

አጥንቱን ግን አሳምሮታል። ባለሙያው ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት የጠየቀኝ ስለ መሬቱ ነው፦ ይሰምጣል ወይስ ጠጣር ነው? ሮቶው ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው፤ ለአራት እግር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ቶን ይደርሰዋል። ስለዚህ ከየእግሩ ሥር ወፍራም ላሜራ በይዶ ኮንክሪቱ ላይ በብሎን አሰረው። በአራቱም ጎን ደግሞ አንግል ብረት በኤክስ ቅርጽ አስገባ። ዋጋ ለመቀነስ ይህን የሚዘሉ አሉ። የእኛ ንፋስ እኮ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች የተተከሉለት ንፋስ ነው! ባዶ ሮቶ ደግሞ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ንፋሱ ይገፋዋል።

ቅሬታዬ ቀለሙ ላይ ነው። የብየዳውን ቅርፊት ሳያራግፍ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባበት፤ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተላጠ። ስነግረው በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ደግሞ ቀባው፣ ፊቱን አጨፍግጎ። «ነገ ና» ማለትም ያበዛል።

ዋጋው ከጎረቤቶቹ ትንሽ ይወደዳል፣ ለእኔ ግን ተገቢ ነው። ቀብድ ስትከፍሉ የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ደረሰኙ ላይ አጽፉ፤ ከተቀባ በኋላ ቀጭኑና ወፍራሙ አይለይም።