ፊዬሮ ወይስ ኤም አር ቱ?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ደሴ አስፋልት ዳር ተቀምጠን መኪና ስንቆጥር ነው ያደግነው። አሁን ሁለት ሰው የሚይዝ የድሮ ስፖርት መኪና ሊገዛ ነው። ልቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፖንቲያክ ፊዬሮ እና የመጀመሪያው ቶዮታ ኤም አር ቱ። «ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የምትውለው አንተ ነህ፣ ምከረኝ» አለኝ። ለሱ ያልኩት ለሌላም ገዢ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱም ሞተር ያለው ከወንበሩ ኋላ ነው። ክብደቱ መሃል ላይ ስለሚያርፍ እንደ ሐረጎ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናው መሪውን ቶሎ ይታዘዛል።

ስለ ፊዬሮ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚነግሩህ እሳቱን ነው። እውነት ነው፣ ተቃጥሏል። የ1984ቱ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ደካማ ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ነበረው። ቢየላው ሲሰበር ብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ ይበሳል፤ ዘይቱ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ይፈስና ይቀጣጠላል። ዘይት ሲጎድል ደግሞ ይብስበታል። የፖንቲያክ ባለቤት ጂ ኤም መኪናዎቹን ጠርቶ አስተካከለ፤ ስሙ ግን ጠፍቶ ቀረ። እግሩም፣ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚይዘው ሰስፔንሽን ማለቴ ነው፣ የተውሶ ነበር፤ የፊቱ የመጣው ሼቬት ከምትባል ትንሽ የቤት መኪና ነው። በ1988 ግን ለራሱ የተሠራ እግርና የተሻለ ፍሬን አገኘ። በዚያው ዓመት ማምረቱን አቆሙት! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መኪናው ልክ በሆነበት ዓመት ቀበሩት። ተቃጠለ የተባለው መኪናና የ1988ቱ መኪና አንድ አይደሉም።

ኤም አር ቱ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም። 1.6 ሊትር፣ አሜሪካ የገባው 112 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሞተሩ ከኮሮላ ቤተሰብ ነው፤ ኮሮላ የፈታ መካኒክ አይቸገርም። በሞተር ብቻ ብንፈርድ የምመርጠው እሱን ነው። ጠላቱ ዝገት ነው። የኋላ ጎማ ዙሪያውንና ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ይበላዋል።

ሚኒሶታ ደግሞ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ፊዬሮ ቦዲው ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም። አትታለል ግን፤ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል፣ በተለይ ከኋላ ሻንጣው አካባቢ። ራዲያተሩ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ውሃ የሚያመላልሱት ረጃጅም ቱቦዎች ከሥር ያልፋሉ። ያለቦታው ክሪክ የገባበት መኪና ቱቦው ይጨፈለቅና ሞተሩ ይሞቃል።

እና ወንድሜ፣ 2.8 ሊትር ቪ6 ያለው የ1988 ፊዬሮ ካገኘህ ውሰደው። 135 የፈረስ ጉልበት አለው። የ1984ቱን በርካሽ ቢሰጡህም እለፈው። ጨው ወደማይበተንበት ደረቅ አገር የምትዛወር ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ኤም አር ቱ። ወደዚህ ይዤው እመጣለሁ ብለህ አታስብ፤ በኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል።

ብሩን ከመክፈልህ በፊት ከፍ አስደርገህ ሥሩን እይ። ፎቶውንም ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።