የዋንዛ ብሎኮቻችን ከስምንት ወር በኋላ

አናጺ ጋ ያሠራናቸው የልጆች መጫወቻ የእንጨት ብሎኮች ቤታችን ከገቡ ስምንት ወር ሊሞላቸው ነው። ስለ እንጨቱም ስለ ዋጋውም መጻፍ እችላለሁ። ግን አንድ ነገር ሌላውን ሁሉ ጋርዶብኛል። የአምስት ዓመቷ ልጄ ግማሽና ሩብን አወቀች። ማንም ሳያስተምራት።

እንዴት መሰላችሁ? የብሎኮቹ ሁሉ ውፍረት 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 7 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚለያዩት በርዝመት ብቻ ነው፤ 7፣ 14 እና 28። ሁለት አጭር አንድ መካከለኛ ይሞላል፣ ሁለት መካከለኛ ደግሞ አንድ ረጅም። ይህን ለልጆቹ አልነገርናቸውም። ምንጣፉ ላይ ደፋንላቸውና ተውናቸው።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ረጃጅሞቹን በሙሉ ሰብስቦ ያዘ። ሦስት ዓመቱ ነው፣ የያዘውን አይለቅም። እሷ ደግሞ ለግቢዋ አጥር ረጅም ፈልጋለች። ሁለት መካከለኛ ገጠመች፣ ልክ መጣላት። ቀጥላ አራት አጭር ደረደረች። አሁንም ልክ መጣ። ዞር ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ንግድ ተጀመረ። አንድ ረጅም ትወስዳለች፣ ሁለት መካከለኛ ትሰጠዋለች። እሱ ሁለት ስላገኘ ደስ ይለዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቁጥር የበዛውን ነው በዛ የሚለው። እሷ ግን ማታለል አልፈለገችም። ጎን ለጎን እያስተኛች «እየው፣ እኩል ነው እኮ» ትለዋለች። መጀመሪያ አልገባውም። አሁን አሁን እሱም ከመቀያየሩ በፊት ጎን ለጎን አስተኝቶ ያያል።

በቅርቡ ድፎ ዳቦ ስንቆርስ ደግሞ «የኔ የአባዬ ግማሽ ነው፣ የሱ የኔ ግማሽ ነው፣ ስለዚህ የአባዬን ለመሙላት የሱ ዓይነት አራት ያስፈልጋል» አለች። ኬጂዋ ገና መደመር ላይ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የሄድነው መጫወቻ ሱቅ ነበር። ሻጩ በባትሪ የሚሠራ፣ ፊደልና ኤቢሲዲ የሚዘምር ሰሌዳ አወጣልኝ። «እህቴ፣ ይሄን ግዢላቸው፣ ራሱ ያስተምርልሻል» አለኝ። ዛሬ ባገኘው የምመልስለት አለኝ። ወንድሜ፣ ያ ሰሌዳ ልጅቷ ሳትጠይቅ ነው የሚመልሰው። ቁልፉን ተጭና ትሰማለች፣ ደግማ ትጫናለች፣ በቃ። ልጄ አጥሩ ሲያጥርባት ግን ጥያቄው የራሷ ነበር፣ መልሱንም በእጇ አገኘችው። ይህን በባትሪ የሚሸጥልኝ ካለ ያምጣው። «ቀለም የሌለውን ልጅ አይወደውም» ያልከኝም ልክ አይደለም። ቀለም ስለሌለው ነው ያው ቁራጭ ጠዋት አውቶቡስ፣ ከሰዓት ረከቦት የሚሆነው። አጫጭሮቹ ሲኒ ናቸው፣ እኔም በቀን ስንቴ ቡና እንደምጠጣ አትጠይቁኝ።

ልኩን ከራሳችን አልፈጠርነውም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ የሕፃናት ማዋያውን ሲጀምር ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ በ8 ትንንሽ ኩቦች የተከፈለ የእንጨት ኩብ ነበር። ልጁ ፈትቶ መልሶ ሲገጥመው ሙሉውንና ክፍሉን ያያል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 ኒውዮርክ ውስጥ ትምህርት ቤት የከፈተችው ካሮላይን ፕራት የአንድ፣ ሁለት፣ አራት ምጥጥን ያላቸውን ብሎኮች አስለመደች። ውፍረቱ አንድ ከሆነ ወርዱ ሁለት፣ ርዝመቱ አራት ነው። የኛ መካከለኛ ብሎክ ይኸው ነው።

ልጆቼ ስልክ መጠየቃቸው አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል መክሯል። በፊት ይህን ሰዓት ለማስከበር እንታገል ነበር። አሁን ግንባታ ላይ ከሆኑ ስልኩ ትዝም አይላቸው።

ችግር አለ ወይ? አለ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ማማው ሴራሚክ ላይ ሲናድ ድምፁ ታች ድረስ ይሰማል። ከሥር ያሉትን እማማን ይቅርታ ጠይቀን ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍን፣ አለቀ። በጋ ሲገባ ደግሞ ጥቂቶቹ በወርዳቸው ቀጠኑ፣ ማማውም ይወላገድ ጀመር። በደንብ ያልደረቀ ጣውላ ተቀላቅሎ ኖሯል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፣ በጎኑ ግን ይቀንሳል። ጋሼ አናጺው ያለ ተጨማሪ ሂሳብ ቀየሩልን። ሌላው በደንብ የደረቀ ዋንዛ ስለሆነ ይኸው አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም። ባህር ዛፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቆይም ነበር።

የከፈልነው ከአንድ ርካሽ ታብሌት ዋጋ ያንሳል። አሁንም ቢሆን ደግሜ እከፍለዋለሁ።

ልታሠሩ ካሰባችሁ የደረቀ ዋንዛ ይሁን በሉ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይለስልስ፣ ቀለምና ቫርኒሽ ይቅር፤ ትንንሾቹ አፋቸው ውስጥ መክተታቸው አይቀርም። መካከለኛውን አብዙት፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። አናጺው «የልጅ መጫወቻ አይደል፣ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ከመረከባችሁ በፊት ሁለት አጭር ገጥማችሁ ከአንድ መካከለኛ ጎን አስተኙ፣ ጫፉንም በጣታችሁ ዳብሱት። ደረጃ ከተሰማችሁ መልሱለት።